የባዶው ቱቦ ሁለተኛ መስመር

ንብ አናቢዎች «ሁለት መስመር» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ሰፈር ያወጣው ስም ባለቤት የለውም። መኪናዋ ከኮረብታው ግርጌ ብቅ ስትል «ሁለት መስመር መጣች፣ ቀፎህን ሸፍን!» ይባባሉና ይስቃሉ። ሳቁ ከአንገት በላይ ነው። የእሷ ወረቀት አንድ መስመር ካሳየ ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች። ሁለት ካሳየ ጉድጓድ ይቆፈራል።

ሥራዋ የንብ ጤና መርማሪነት ነው። ዕድሜዋ አርባ ሰባት። ከዚህ ሥራ በፊት አሥራ ስድስት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበረች፤ ብርጭቆ ስታጥብ፣ የአሲድ ጠርሙስ ስትቆልፍ፣ የተቃጠለ የተማሪ ጣት ውሃ ውስጥ ስትነክር ኖራለች። በንጽሕና የሚወዳደራት አልነበረም። ይህን ከእናቷ ወርሳዋለች። እናቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። የማጠቢያው ክፍል ሁለት በር ነበረው፤ ቆሻሻው በአንዱ ይገባል፣ ንጹሑ በሌላው ይወጣል። እሷ ልጅ ሆና ምሳ ልታደርስ ሄዳ በንጹሑ በር ስትገባ እናቷ ጆሮዋን ቆንጥጣ አስወጣቻት። «የቆሸሸና የታጠበ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይውልም!» ጆሮዋ ሁለት ቀን አመማት። ትምህርቱ ግን ዕድሜ ልኳን አብሯት ኖረ፤ ቢያንስ እስከዚያ ዝናባማ ቀን ድረስ።

እሷ የምትፈልገው በሽታ የንብ እጭ ያበሰብሳል። ጀርሙ እንጨት ውስጥ ተደብቆ ለብዙ ዓመት ስለሚቆይ ፍቱኑ መፍትሔ እሳት ነው፤ ንቡም፣ ቀፎውም፣ ንቡ እንጀራውን የሚሠራበት የእንጨት ፍሬምም። ድሮ ናሙና ወደ ዋናው ላቦራቶሪ ተልኮ መልስ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጅ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ በሽታው ሰፈሩን ያዳርሳል። ከሁለት ዓመት በፊት ሳጥኑ መጣ። አንድ ዳቦ የሚያህል፣ ስምንት ቀዳዳ ያለው፣ በመኪና ባትሪ የሚሞቅ ሳጥን ነው። የተጨፈለቀ እጭ በቱቦ ይገባል። ጀርሙ ካለ ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ የጀርሙን የዘር ሰንሰለት ፈልጎ ሚሊዮን ጊዜ ይገለብጠዋል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ቱቦው ይከፈትና ቀጭን ወረቀት ይነከርበታል። የመጀመሪያው መስመር «ወረቀቱ ይሠራል» ማለት ነው። ሁለተኛው «በሽታው አለ»።

ሥልጠናው ላይ አሠልጣኙ ሁለት ነገር ሲደጋግም ዋለ። አንደኛው፣ ሳጥኑ ዓይን ከማየቱ በፊት ያያል። ሁለተኛው፣ የሞቀ ቱቦ ናሙና የሚዘጋጅበት ቦታ ላይ በፍጹም አይከፈትም። ውስጡ የተባዛው ቅጂ በማይታይ ጠብታ ወጥቶ ጓንት ላይ፣ ጨርቅ ላይ፣ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ ተከትሎ የሚመጣውን ጤነኛ ናሙና ሁሉ በሽተኛ ያስመስለዋል። ለዚህ ሲባል በየዙሩ አንዱ ቱቦ ውሃ ብቻ ተደርጎበት ይገባል። ባዶው ቱቦ ይሉታል። ባዶው ሁለት መስመር ካሳየ የዙሩ ውጤት በሙሉ ይጣላል፤ ሁሉም እንደገና ይሠራል። ሌሎቹ ሠልጣኞች ማስታወሻቸው ላይ ሲጽፉ እሷ በልቧ ፈገግ አለች። የእማዬ ሁለት በር ነው።

ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ታጣፊ ጠረጴዛ ይዛ ትዞራለች። አንዱ ከመኪናው አጠገብ፣ ሌላው ሃያ እርምጃ ርቆ ዛፍ ሥር።

ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ ንብ ማነቢያ ውስጥ ክብሪት እንጨት ወደ እጩ ሰድዳ ስትስበው ቡናማ ነገር እንደ ሙጫ ተጎተተ። በሽታው እንደሆነ ለማወቅ ሳጥን አያስፈልግም ነበር፤ ደንብ ነውና ሞቀ፣ ተከፈተ፣ ሁለት መስመር ጥርት ብሎ ወጣ። ናሙና ማዘጋጀቱንም ቱቦ መክፈቱንም ያከናወነችው መኪናው ኋላ ላይ በሚዘረጋው አንድ ጣውላ ላይ ነው። ዛፍ ሥር ጭቃ ነበር። ጣውላውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችና ወደ አናጢው ነዳች።

አናጢው ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ያሉ ሰው ናቸው። ሠላሳ ቀፎ ነበራቸው። ሠላሳውንም በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ ማዕዘኑን ያለ ምስማር አጋጥመው፣ ቁጥሩን በጋለ ብረት ተኩሰውበታል።

«አንዷን መስመር ቤት ረስተሻት ነው የመጣሽው፣ አይደል?» አሏት ከቤቱ ክዳን ሥር ቆመው።

«ቦርሳዬን ልፈትሽ ጋሼ።»

«አትፈትሺ! ከተገኘች ጉድ ይፈላል።»

ቀፎውን አንድ በአንድ ከፈቱ። እጩ ወተት የመሰለ ነጭ ነው። ክብሪት እንጨቱ ንጹሕ ሆኖ ገባ፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። እዚያው የወለወለችው ጣውላ ላይ የአምስት አምስት ቀፎ እጭ አንድ ቱቦ ውስጥ እያደረገች ስድስት ቱቦ ሞላች። ሰባተኛው ጀርሙ እንዳለበት የታወቀ ማነጻጸሪያ ነው። ስምንተኛው ባዶው።

አርባ ደቂቃ ሻይ ጠጡ። አናጢው ስለ ጉልበታቸው አወሩ፤ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል አሉ። ከዚያ ሳጥኑ ጮኸ።

ስድስቱም ሁለት መስመር ሆኑ።

ወረቀቶቹን በተራ ደረደረችና ቆመች። ዓይኗ ያየው ነጭ እጭ ነው። ሳጥኑ ያለው ሌላ ነው። ሳጥኑ ዓይን ከማየቱ በፊት ያያል። ከዚያ የባዶውን ወረቀት አነሣች። የመጀመሪያው መስመር ቀይ ነው። ከበላዩ ሌላ ነገር አለ። በላጲስ የተፋቀ እርሳስ የሚመስል፣ አለ ሲሉት የሌለ፣ የለም ሲሉት ያለ። ወደ ብርሃን አዞረችው። ብርሃን ግን አልነበረም፤ ሰማዩ እንደጠቆረ ነው።

«ምን አለ?» አሉ አናጢው።

ስለ ባዶው አልነገረቻቸውም። የጠየቀችው ሌላ ነው። «ጋሼ፣ ሌላ ሰው የተገለገለበት ዕቃ እዚህ ገብቷል?»

ሽማግሌው የሻይ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። «ወንድሜ… ታናሼ… አሥር ፍሬም ሰጥቶኝ ነበር። አሮጌ ነው። ግን እንጨቱ ጥሩ እንጨት ነው፣ ማገዶ ሲሆን ማየት አልሆነልኝም።»

ነገሩ በዚህ አለቀላት። ምንጩ ታወቀ። በሽታው በፍሬም መጣ፤ እጩ ነጭ የሆነው ገና ስላልበሰበሰ ነው። ጓንት ቀየረች፣ አዲስ የውሃ ብልቃጥ ከፈተች፣ ባዶውን ብቻ ለብቻው ደግማ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንድ መስመር ብቻ ወጣ። «ባዶ፦ ንጹሕ» ብላ መዝገቡ ላይ ጻፈች፣ ወረቀቱንም በፕላስተር ለጠፈችው። ስድስቱን አልደገመችም። የመጀመሪያውን የባዶ ወረቀት ግን አልጣለችውም፤ መኪናው ውስጥ ከፀሐይ መከላከያው ኪስ ሸጎጠችው። ሰው የሚረሳውን ነገር አይሸጉጥም።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ፣ ንቡ ሳይወጣ፣ ሽማግሌው የሠላሳውን ቀፎ አፍ በጭቃ ደፈኑ። ሌሎች ሰዎች ሊሠሩላቸው መጥተው ነበር፤ አሻፈረኝ አሉ። እሷ ከጉድጓዱ አጠገብ ቆማ ቁጥር ትጠራለች፣ እሳቸው ያወርዳሉ። ያለ ምስማር የተጋጠመ እንጨት ቶሎ አይበታተንም። እስከ ረፋድ ነደደ።

ከሦስት ቀን በኋላ የታናሽ ወንድማቸውን ቀፎ መረመረች። ፀሐይ ነበር። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሃያ እርምጃ። ሁሉም አንድ መስመር።

ይህ ነበር የባሰው። አናጢው ይህን ሲሰሙ የተረዱት አንድ ነገር ነው፤ ታናሼ የታመመውን ለይቶ ለእኔ ሰጠና ጤነኛውን ለራሱ አስቀረ። አደባባይ ላይ፣ ሰው ፊት ተናገሩት። ወንድማማቾቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኳረፉ። አንዱ ባለበት ሌላው አይቆምም።

እሷ የምስጋና ደብዳቤ ደረሳት። «በአርባ ደቂቃ ሰፈር ያዳነች» ተብሎ ፎቶዋ መሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ወጣ። ፎቶው ላይ ትስቃለች። ጠዋት ጠዋት ስታልፍ አንገቷን ደፍታ ነው። በአናጢው ደጅ የሚያልፈውን መንገድም ተወችው፤ ጭቃ አለበት ትላለች። በጋው ገብቶ መንገዱ አቧራ ከሆነ በኋላም ጭቃ አለበት ትል ነበር።

አምስት ወር አለፈ። አናጢው ራሳቸው ቢሮዋ መጡ። ባርኔጣቸውን ይዘው ከበሩ ቆሙ፤ እጃቸው ላይ ቅጽ አለ። አዲስ ንብ ለማስገባት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ቅጹ ላይ «የበሽታው ምንጭ» የሚል መስመር አለ። «ከወንድሜ የተሰጡኝ ፍሬሞች» ብለው በትልልቅ ፊደል ሞልተውታል። ከሥሩ የመርማሪ ፊርማ ይጠበቃል።

«ይቺን ብቻ ፈርሚልኝ ልጄ። በሰፈር አውርቼዋለሁ፣ በወረቀትም ይቀመጥ።»

እስክሪብቶ አነሣች። ጫፉ ወረቀቱን ነካ፤ ነጥብ ሠራ። ከነጥቡ አልፎ መሄድ አልሆነላትም።

«ሐሙስ ይመለሱ ጋሼ።»

«ሐሙስ? የሰው ስም ለመጻፍ ሁለት ቀን ይፈጅብሻል? አርባ ደቂቃ አልነበር እንዴ ያንቺ ነገር?» ብለው ሳቁ። በዚያ ቢሮ ውስጥ የሳቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ማታ ከእራት በኋላ እሷ ዕቃ ታጥባለች፣ እናቷ ታደርቃለች። የእናቷ ጣቶች በሠላሳ ዓመት ሳሙና አብጠው ማንኪያ እንጂ ሳህን አይዙም።

«እማዬ፣ በሩን ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?»

እናቷ ምን በር ብላ አልጠየቀችም። «አንዴ። የቆሸሸ የአንሶላ ጋሪ በንጹሑ በር አስወጣሁ። የወሊድ ክፍል ደርሶ ተነጥፏል።»

«ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሮጬ ከየአልጋው ገፈፍኩት። አራሶቹ ሰደቡኝ፣ ዋና ነርሷ ሰደበችኝ፣ ዘበኛው ሳይቀር ሰደበኝ፤ እሱ ምን አገባው? ስድብ አይገድልም። አንሶላው ግን ይገድል ነበር።»

ያኔ ነገረቻት። ዝናቡን፣ ጣውላውን፣ ጨርቁን፣ የባዶውን ወረቀት። እናቷ አንዲቷን ማንኪያ አራት ጊዜ አደረቀቻት።

«የኔ ተቃጥሏል እማዬ። የምገፈው አንሶላ የለም።»

«ሰውየው አለ?»

«አለ።»

«ወንድሙስ?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እነሱም እስኪቃጠሉ?»

በነጋታው ከሁሉም ቀድማ ቢሮ ገባች። ደንቡ ከየናሙናው ግማሹ ከቀፎው እንደወጣ ታሽጎ ስድስት ወር በማቀዝቀዣ እንዲቆይ ያዝዛል። የአናጢው ስድስት ብልቃጦች ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነበሩ። አምስት ወር ሙሉ ምሳዋን እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ስታስቀምጥ ጀርባዋን ሰጥታቸው ኖራለች። ስድስቱን ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ አዘጋጀች። ሰባተኛ ከወንዙ ማዶ የመጣውን፣ በዚያው ቀን የተወሰደውን ጨመረች። ስምንተኛ ባዶውን። ከሞቀ በኋላ ካፖርቷን አውልቃ፣ ጓንት ቀይራ፣ ግቢውን አቋርጣ ዘበኛው ክፍል ሄዳ ከፈተችው።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ እትዬ?» አለ ዘበኛው።

«ቆሻሻውን በር ፈልጌ ነው።»

ከወንዙ ማዶ የመጣው ሁለት መስመር። ባዶው አንድ። የአናጢው አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ስድስተኛውን ስታይ ተቀመጠች። ዘበኛው ውሃ አመጣላት።

ኃላፊው ከእሷ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ ክፉ ያልሆነ፣ ፋይል የሚወድ ሰው ነው። መዝገቡን ገልጣ ፊቱ አኖረችው። «ባዶ፦ ንጹሕ» ከሚለው አጠገብ ከመኪናው ያመጣችውን የመጀመሪያውን ወረቀት ለጥፋበታለች። ደብዛዛው መስመር በአምስት ወር ፀሐይ አልጠፋም።

«ናሙናው አርጅቷል» አለ። «ያረጀ ናሙና ንጹሕ ቢል ምን ይገርማል?»

«ከወንዙ ማዶ የመጣው እኩያው ነው። እሱ አላረጀም።»

መነጽሩን አወለቀ። «ስሚኝ እህቴ። ይህ ከተሰማ ነገ ማን ቀፎውን ለሳጥኑ ይከፍታል? በሽታው እውነተኛ ነው። ሳጥኑም እውነተኛ ነው።»

«ሳጥኑ ያየውን ነው የተናገረው። ያን ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። ባዶው ነግሮኝ ነበር፤ ዝም ያሰኘሁትም እኔው ነኝ።»

«አመድ ተመልሶ ንብ አይሆን። አሁን ምኑን ልታተርፊ ነው?»

«ወንድማቸውን።»

«እኛ የንብ ክፍል ነን። የወንድም ክፍል ሌላ ሕንጻ ነው» አለ። ቀልዱ ለራሱም አላሳቀውም። ደብዳቤዋን ተቀበለ፣ ማኅተም መታበት፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ሳጥኑን እንዳትነካ ጻፈላት። ስትወጣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ፎቶዋን ነቀለች። የስፒሎቹ አራት ቀዳዳዎች ቀሩ።

ሐሙስ እስኪመጣ አልጠበቀችም። በዚያው ቀን ጭቃ አለበት ባለችው መንገድ ሄደች። አናጢው ሥራ ቤታቸው ውስጥ ጣውላ ይልጋሉ፤ ፍቅፋቂው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ነው። ቅጹን ያመጣች መስሏቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ጋሼ፣ ንቦችዎ ጤነኛ ነበሩ።»

መላጊያው ቆመ። «የትኞቹ?»

«ሁሉም።»

«ሠላሳውም?»

«ሠላሳውም። ጠረጴዛዬ ቆሽሾ ነበር። ሁለተኛው መስመር የመጣው ከእኔ ጣውላ እንጂ ከወንድምዎ ፍሬም አይደለም።»

ሽማግሌው ጣውላውን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ልክ ነው ወይ እንደሚል ሰው። «መቼ አወቅሽ?»

ዛሬ ማለት ይቻላል። ውሸት አይሆንም። ከመኪናዋ እስከ በሩ ድረስ «ዛሬ» የሚለውን ቃል በአፏ ይዛው ነበር።

«እርግጠኛ የሆንኩት ዛሬ ጠዋት ነው። የጠረጠርኩት ግን እዚያው ቀን፣ ሻዩን ሳንጨርስ ነው።»

«በነጋታው አፋቸውን ስደፍን አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ቁጥር ትጠሪልኝ ነበር።»

«እጠራ ነበር።»

ጮኸው ቢሰድቧት በወደደች። አልጮኹም። መላጊያውን በጎኑ አስተኙት። «እኔ ወንድሜን ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ብሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆም አልኩት። ሰው ፊት። ደግሞ እሱ አልመለሰልኝም። ያልመለሰልኝ ስላፈረ ነው ብዬ…» ቀሪውን ዋጡት።

«ካሣ እንዲጠየቅ ደብዳቤ—»

«ደብዳቤሽን እዚያው። ተነሺ።»

ቆማ ነበር፤ ግን ገባት። ሽርጣቸውን ምስማር ላይ ሰቀሉና ቀድመው ወጡ። መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ አልዞሩም። እሷ መዝገቡን ደረቷ ላይ ይዛ ትከተላለች። አንድ ንብ አናቢ ከአጥር ላይ «ሁለት መስመር! ዛሬ በእግር ነው?» አላት፤ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ወደ ቀፎው ተመለሰ።

ከታናሽየው በር ሦስት እርምጃ ሲቀር አናጢው ቆሙ። በአገጫቸው በሩን አሳዩዋት። አንኳኳች።

ታናሽየው በከፊል ከፈቱ። መጀመሪያ ያዩት እሷን ነው፤ ከዚያ ከትከሻዋ በላይ ታላቃቸውን። እጃቸው በሩን እንደያዘ ቀረ።

«ደግሞ ምን አገኛችሁብኝ?»

«ምንም አላገኘሁም ጋሼ። ያኔም ምንም አልነበረም። እርስዎ ጋም፣ እሳቸው ጋም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።» መዝገቡን ከፈተች፣ ሁለቱን የባዶ ወረቀት አሳየች፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጣውላው ነገረቻቸው። ስድስቱን ለምን እንዳልደገመች ጠየቋት። «ምክንያት የለኝም» አለች። «እርስዎ የሰጧቸው ፍሬም ምክንያት ሆነልኝ።»

ሰውዬው ረጅም ጊዜ ወረቀቶቹን አዩ። ከዚያ ወረቀቱን ትተው ከኋላዋ ወዳለው ሰው ተመለከቱ።

«እሱስ? አፍ የለውም?»

«ያጠፋው አፌ ነው» አሉ አናጢው ከቆሙበት።

ታናሽየው በሩን አልዘጉትም። እንደተከፈተ ትተውት ወደ ውስጥ ገቡ። አናጢው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ በእሷ አጠገብ አለፉ፣ የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆመው ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ደግመን የምንጠይቅሽ ይኖራል። እስክንጠራሽ እንዳትሄጂ።»

«እሺ ጋሼ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ የታናሽየው ድምፅ ተሰማ፤ እየጮኹ ነው፣ ስለ አሥር ፍሬም፣ ስለ ጥሩ እንጨት፣ ስለ አምስት ወር። የታላቅየው አይሰማም። መዝገቡን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሥልጠናው ቀን ቀጥ ብላ፣ እስኪጠሯት ጠበቀች።